የትልልቅ ካሜራ ሴንሰሮች ዋጋ፦ ስፋት የሚያስከፍለውና ሻጭ የሚጨምረው

ክቡራትና ክቡራን፣

እ.ኤ.አ. በ2002 ካነን ኢኦኤስ-1ዲኤስ የተባለውን ካሜራ ሲያስተዋውቅ ዋጋው ወደ 8,000 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋ ነበር። በውስጡ ያለው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃንን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚለውጠው ቺፕ፣ 11 ሚሊዮን ፒክስል የያዘ ሲሆን፣ ስፋቱም ከአንድ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ክፈፍ ጋር እኩል፣ ማለትም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። በ2019 ይኸው ኩባንያ ኢኦኤስ አርፒ የሚባለውን ካሜራ በ1,299 ዶላር ለገበያ አቀረበ። የሴንሰሩ ስፋት ያው ነው፤ የፒክስሎቹ ቁጥር ደግሞ ከእጥፍ በላይ አድጓል። ታዲያ በእነዚህ 17 ዓመታት የረከሰው ምንድን ነው? ሲሊከኑ ነው፣ ፋብሪካው ነው፣ ወይስ የሻጩ ድፍረት?

ጥያቄውን የማነሳው ስለ ትልልቅ ሴንሰሮች ዋጋ በሚደረገው ክርክር ሁለት ነገሮች ሁልጊዜ ሲደባለቁ ስለማይ ነው። አንዱ ሴንሰሩን ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ሲሆን፣ እርሱም በስፋትና በፋብሪካው ንጽሕና የሚወሰን፣ ስሌት የሚገዛው ጉዳይ ነው። ሌላው ካሜራው የሚሸጥበት ዋጋ ነው፤ ይኸኛው በወጪው ላይ ቢቆምም ከዚያ በላይ ያለውን ከፍታ የሚመርጠው ሻጩ ነው። አስቀድሜ የመጀመሪያውን በሰፊው አያለሁ፤ ምክንያቱም ሁለተኛውን በትክክል መመዘን የሚቻለው የመጀመሪያው በቁጥር ሲታወቅ ብቻ ነው።

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በየዓመቱ እየረከሰ መሄዱን ስለለመድን፣ ሴንሰርም በዚያው ፍጥነት መርከስ የሚገባው ይመስለናል። የኮምፒውተር ፕሮሰሰርና የማስታወሻ ቺፕ የሚረክሱት ግን በዋናነት ትራንዚስተሮቻቸው እያነሱ በመሄዳቸው ነው፤ ትናንት አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሊከን ይጠይቅ የነበረው ሥራ ዛሬ በእጅግ ያነሰ ስፋት ላይ ይሠራል። የካሜራ ሴንሰር ይህን መንገድ መከተል አይችልም። ሥራው ብርሃን መሰብሰብ ነውና ስፋቱ ራሱ ገዢው የሚከፍልበት ባሕርይ ነው። 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴንሰር 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሊከን ይፈልጋል፤ ከሃያ ዓመት በፊትም፣ ዛሬም፣ ከሃያ ዓመት በኋላም።

ሴንሰሮች የሚሠሩት ዋፈር በሚባል ክብና ቀጭን የሲሊከን ሰሌዳ ላይ ነው። የዋፈሩ ዲያሜትር ቀድሞ በአብዛኛው 200 ሚሊ ሜትር የነበረ ሲሆን፣ በዘመናዊዎቹ ፋብሪካዎች 300 ሚሊ ሜትር ነው። ፋብሪካው አንድን ዋፈር በመቶ በሚቆጠሩ የሥራ ደረጃዎች ውስጥ ለማሳለፍ የሚያወጣው ገንዘብ ላዩ ላይ 50 ሴንሰር ኖረ 3,000 ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ የመጀመሪያው ስሌት ቀላል ነው፦ የዋፈሩን ወጪ ደህና ሆነው በወጡት ሴንሰሮች ቁጥር ማካፈል። ችግሩ የሚጀምረው «ደህና ሆነው የወጡት» ከሚለው ላይ ነው።

አስቀድመን ግን ጠርዙን እንመልከት። ዋፈሩ ክብ፣ ሴንሰሩ አራት ማዕዘን በመሆኑ በዳር ያለው ሲሊከን ይባክናል፤ ሴንሰሩ በሰፋ ቁጥር ብክነቱም ይሰፋል። በኢንዱስትሪው በተለመደው ግምታዊ ቀመር ሲሰላ፣ በአንድ የ300 ሚሊ ሜትር ዋፈር ላይ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር 158 ያህል ይገባል፤ ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር 59 ያህል፤ 44 በ33 ሚሊ ሜትር ግድም የሆነው የሚዲየም ፎርማት ሴንሰር 31 ያህል፤ ከዚያም የሚሰፋው 53.4 በ40 ሚሊ ሜትር 18 ያህል ብቻ። በኤፒኤስ-ሲ ከዋፈሩ 18 በመቶ ያህል ሲባክን፣ በፉል ፍሬም 28 በመቶ፣ በመጨረሻው ደግሞ 46 በመቶ ግድም ይባክናል። በአሮጌው የ200 ሚሊ ሜትር ዋፈር ላይ ፉል ፍሬም ከ21 ብዙም አይበልጥም ነበር። ወደ 300 ሚሊ ሜትር መሸጋገሩ የዋፈሩን ስፋት 2.25 ጊዜ ብቻ ቢያሳድገውም የፉል ፍሬሙን ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ የሚያስጠጋው የጠርዙ ብክነት ስለሚቀንስ ነው።

ከጠርዙ ይልቅ ከባዱ ጉዳይ እንከን ነው። የቱንም ያህል ንጹሕ በሆነ ክፍል ውስጥ ቢሠራ፣ በዋፈሩ ላይ አልፎ አልፎ የአቧራ ቅንጣት ያርፋል፣ መስመር ይቆረጣል፣ ሁለት መስመሮች ይገናኛሉ። በአንድ ነጭ ጣቃ ላይ አሥር የቀለም ጠብታ ቢንጠባጠብና ጣቃው በመቶ መሐረብ ቢቆረጥ፣ ቢበዛ አሥሩ ተበላሽተው ዘጠናው ንጹሕ ይሆናሉ፤ ያው ጣቃ በአሥር ነጠላ ቢቆረጥ ግን ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው። ሴንሰርም እንዲሁ ነው፤ ስፋት ሲጨምር ከአንድ ዋፈር የሚቆረጠው ቁጥር ያንሳል፣ ከተቆረጠው ውስጥም ደህና የሚሆነው ድርሻ ያንሳል፤ ሁለቱ ቅናሾች ደግሞ ይባዛሉ።

ይህን በቁጥር ለማሳየት አንድ መላ ምት ልውሰድ። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር በአማካይ 0.1 ገዳይ እንከን አለ፣ ተሠርቶ ያለቀለት ዋፈርም 3,000 ዶላር ይፈጃል እንበል። ሁለቱም ቁጥሮች ለስሌት የተመረጡ ናቸውና የየትኛውም ፋብሪካ ምስጢር ተደርገው እንዳይወሰዱ አደራ እላለሁ። እንከኖች በዘፈቀደ ሲበተኑ ስንቱ ሴንሰር እንደሚተርፍ በሚያሳየው የፖይሰን ቀመር ሲሰላ ከኤፒኤስ-ሲ ሴንሰሮች 69 በመቶ ያህሉ ደህና ይወጣሉ፤ ከፉል ፍሬም 42 በመቶ፤ ከ44 በ33ቱ 24 በመቶ፤ ከ53.4 በ40ው 12 በመቶ። ወደ ገንዘብ ሲመነዘር የአንዱ ኤፒኤስ-ሲ የሲሊከን ወጪ 27 ዶላር ያህል፣ የፉል ፍሬሙ 120፣ የ44 በ33ቱ ከ400 በላይ፣ የትልቁ ደግሞ 1,400 ዶላር ግድም ይሆናል። በዚያው ዋፈር ላይ 24 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የስልክ ካሜራ ሴንሰር ቢሠራ ከ1 ዶላር ብዙም አይዘልም። ፉል ፍሬም ከኤፒኤስ-ሲ በስፋት 2.4 ጊዜ ያህል ቢበልጥም በወጪ ግን ከአራት ጊዜ በላይ መብለጡን ልብ በሉልኝ።

አሁን የእንከኑን መጠን ብቻ እንለውጥ። በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.5 ቢሆን፣ ከአንድ ሙሉ ዋፈር አንድ ደህና ፉል ፍሬም እንኳ በአማካይ አይገኝም፤ በፉል ፍሬምና በኤፒኤስ-ሲ መካከል ያለው የወጪ ልዩነትም ከሠላሳ ጊዜ በላይ ይሆናል። ወደ 0.02 ቢወርድ ግን ልዩነቱ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ 60 ዶላር በ20 ዶላር ላይ እንደማለት። መግቢያዬ ላይ ላነሳሁት ጥያቄ የመልሱ ዋና ክፍል እዚህ ላይ ይገኛል። የትልልቅ ሴንሰሮችን ወጪ ያወረደው በብዛት የፋብሪካው መጥራት ነው፤ ፋብሪካ ሲጠራ ደግሞ የበለጠ የሚጠቀመው ትልቁ ሴንሰር ነው። በትንሹ ሴንሰር ላይ ያን ያህል ለውጥ የማያመጣ መሻሻል፣ በትልቁ ላይ ገበያ ይከፍታል።

በዚህ ስሌት ላይ አንድ ማሻሻያ መጨመር ግድ ይላል። የምስል ሴንሰር ከፕሮሰሰር ይልቅ እንከንን ይታገሣል። ከ24 ሚሊዮን ፒክስሎች ጥቂት መቶዎቹ ቢሞቱ ካሜራው ቦታቸውን መዝግቦ ከጎረቤቶቻቸው በተገመተ ዋጋ ይሞላቸዋል፤ ገዢውም በሥዕሉ ላይ አያያቸውም። ሴንሰሩን የሚገድለው አንድ ሙሉ ዓምድ ወይም ረድፍ ሲጠፋ፣ ብዙ የሞቱ ፒክስሎች በአንድ ቦታ ሲከማቹ፣ ወይም በዳር ያለው የንባብ ዑደት፣ ማለትም የፒክስሎቹን ምልክት የሚያነበው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ ሲበላሽ ነው። ኮዳክ ሲሲዲ የሚባለው የቀድሞው የሴንሰር ዓይነት በነገሠበት ዘመን አንዳንድ ትልልቅ ሴንሰሮቹን በእንከናቸው ብዛት በደረጃ እየለየ ይሸጥ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዝቅ ያለውን ደረጃ በርካሽ የሚገዙ የሥነ ፈለክ ተመልካቾችም ነበሩ። መቻቻሉ ምን ያህል ሊለጠጥ እንደሚችል ለማየት ካነን በ2010 ይፋ ያደረገውን 202 በ205 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴንሰር ማሰብ ይበቃል። ከአንድ የ300 ሚሊ ሜትር ዋፈር የሚወጣው እርሱ አንዱ ብቻ ነው። አሁን በተጠቀምኩበት ቀመር ቢታይ ያለ እንከን የመውጣት ዕድሉ ከዜሮ አይለይም፤ ሊሠራ የቻለው እንከንን እንዲሸከም ሆኖ በመታሰቡ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ስለ ካነን ካነሣሁ አይቀር፣ ኩባንያው በ2006 ባሰራጨው አንድ የማብራሪያ ጽሑፍ ፉል ፍሬም ሴንሰር ከኤፒኤስ-ሲ ከአሥር እስከ ሃያ ጊዜ የሚበልጥ ወጪ ሊጠይቅ እንደሚችል ገልጾ ነበር። ይህ በዘመኑ የእንከን መጠን የሚታመን ነው። ሆኖም በዚያው ጽሑፍ ከአንድ የ200 ሚሊ ሜትር ዋፈር 200 ያህል ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር እንደሚገኝ ተጽፏል። የዋፈሩ ጠቅላላ ስፋት 31,400 ካሬ ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ የካነን ኤፒኤስ-ሲ ደግሞ 330 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል። ጠርዙ ጭራሽ ባይባክን እንኳ ከ95 አይበልጥም። ይህን መጥቀሴ ኩባንያውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ሳይመረመር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ መኖሩ ስለሚያስደንቀኝ ነው። ማካፈል ብቻ ይበቃው ነበር።

ወደ ሌላኛው የወጪ ምንጭ ልለፍ። የቺፕ ንድፍ በዋፈሩ ላይ የሚታተመው ስቴፐር ወይም ስካነር በሚባል ማሽን፣ በብርሃን ነው፤ ማሽኑ በአንድ ጊዜ ሊያትመው የሚችለው ስፋት ግን ወሰን አለው። በዘመናዊ ስካነሮች ወሰኑ 26 በ33 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ በምቾት ይገባበታል። ፉል ፍሬም በአንድ በኩል 36 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ያመልጠዋል። ለጥቂት ያመለጠ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ንድፉን ከፍሎ በየተራ ማተምና ክፍሎቹን መስፋት ነው። ይህ የስፌት ሥራ ተጨማሪ ማስክ (ብርሃኑ የሚያልፍበት፣ ንድፉ ያለበት ሰሌዳ)፣ በማሽኑ ላይ ተጨማሪ ጊዜ፣ እንዲሁም በመጋጠሚያው ላይ ከማይክሮሜትር በእጅጉ ያነሰ ትክክለኛነት ይጠይቃል። መጋጠሚያው በትንሹ ቢዛነፍ በምስሉ ላይ የብሩህነት ልዩነት ያለው መስመር ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው የ2006ቱ ጽሑፍም ፉል ፍሬም በእያንዳንዱ ደረጃ ሦስት የተለያዩ እትሞች ይጠይቅ እንደነበር ያስረዳል።

መፍትሔው ረቂቅነትን ቀንሶ ስፋትን ማግኘት ነው። የሴንሰር ፒክስል ስፋቱ በማይክሮሜትር የሚለካ በመሆኑ ፕሮሰሰር የሚፈልገውን ያህል ረቂቅ እትም አይፈልግም። ካነን ራሱ ስቴፐር አምራች ስለሆነ እስከ 50 በ50 ሚሊ ሜትር በአንድ ጊዜ የሚያትሙ ማሽኖችን ይሠራል፤ በእነዚህ ላይ ፉል ፍሬም ያለ ስፌት ይወጣል። ካሜራውን፣ ሴንሰሩንና ሴንሰር የሚታተምበትን ማሽን አንድ ኩባንያ ሲሠራ የወጪው ስሌት ከሌሎች እንደሚለይ ግልጽ ነው፤ በፉል ፍሬም ገበያ ከቀደምቶቹ አንዱ ሆኖ የገባውና ለዓመታት የመራው ካነን መሆኑን ከዚህ ነጥሎ ማየት ያስቸግራል። የሌሎቹ ዕጣ እንዲህ አልነበረም። ፔንታክስ ፊሊፕስ የሠራውን የ6 ሚሊዮን ፒክስል ፉል ፍሬም ሴንሰር የያዘ ካሜራ ሲያዘጋጅ ቆይቶ በ2001 በወጪው ምክንያት ሰረዘው። ያንኑ የፊሊፕስ ሴንሰር ይዞ በ2002 ብቅ ያለው ኮንታክስ ኤን ዲጂታልም ዕድሜው አጭር ነበር።

የቀለም ማጣሪያው፣ ጥቃቅን ሌንሶቹ፣ የሴራሚክ ማቀፊያው፣ መሸፈኛ መስታወቱና የመጨረሻው ፍተሻ ሁሉ ከስፋት ጋር የሚያድጉ ወጪዎች ናቸው፤ ከሲሊከኑ አንጻር ሲታዩ ግን ዋናውን ነገር አይለውጡም። በቀላሉ የማይታለፈው የንድፍና የማስክ ወጪ ነው፤ እርሱ አንድ ጊዜ ወጥቶ በሚሸጠው ብዛት ላይ ይከፋፈላል። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚያወጣው አኃዝ መሠረት በ2010 ከ121 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎች ለገበያ ሲቀርቡ፣ በ2023 ቁጥሩ 8 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። የጠፉት በአብዛኛው ትንንሽ ሴንሰር ያላቸው ርካሽ ካሜራዎች ናቸው፤ ሥራቸውን ስልክ ወስዶታል። አምራቾቹ ወደ ትልልቅ ሴንሰር ያተኮሩት ሲሊከኑ ስለረከሰ ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል፤ ስልክ ሊከተላቸው የማይችልበት፣ በአንዱ ካሜራ ላይ የሚገኘው ትርፍም ሰፋ ያለበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ መሸጫ ዋጋው ያደርሰናል። ወጪና ዋጋ መለያየታቸውን ለማየት የተሻለው መንገድ አንድ ሴንሰር በተለያዩ ካሜራዎች ውስጥ ምን ያህል እንደተሸጠ መመልከት ነው። ኒኮን በ2007 ዲ3ን በ5,000 ዶላር አቀረበ፤ በዓመቱ ያንኑ የ12 ሚሊዮን ፒክስል ሴንሰር በዲ700 ውስጥ በ3,000 ዶላር ሸጠው። ዲ3 የጠነከረ አካልና የፈጠነ ተከታታይ ቀረጻ ነበረው፤ የሁለት ሺሕ ዶላሩ ልዩነት ግን ከሴንሰሩ የመጣ ሊሆን አይችልም። በ2008 ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርም ነገር ሆነ፦ ሶኒ ኤ900ን በ3,000 ዶላር ካወጣ ከሦስት ወር በኋላ ኒኮን ዲ3ኤክስን በ8,000 ዶላር አወጣ። የሁለቱም ምስል 6048 በ4032 ፒክስል ነው። ኒኮን ሴንሰሩ በራሱ መስፈርት የተሠራ መሆኑን ተናግሯል፤ ይህን ብንቀበል እንኳ አምስት ሺሕ ዶላር የሚያህል የሲሊከን ልዩነት አለ ብሎ መከራከር አይቻልም። ዋጋው የተተመነው ለባለሙያ ገዢ፣ ሌንሱን ሁሉ በኒኮን አሟልቶ ወደ ሌላ መሄድ ለሚከብደው ሰው ነው።

በሚዲየም ፎርማትም ታሪኩ ይደገማል። 44 በ33 ሚሊ ሜትር ስፋትና 50 ሚሊዮን ያህል ፒክስል ያለው የሶኒ ሴንሰር በ2014 በፔንታክስ 645ዚ ውስጥ 8,500 ዶላር፣ በ2016 በሃሰልብላድ ኤክስ1ዲ ውስጥ 9,000 ዶላር፣ በ2017 በፉጂፊልም ጂኤፍኤክስ 50ኤስ ውስጥ 6,500 ዶላር ነበር። በ2021 ፉጂፊልም የዚሁ ሴንሰር ልጅ የሆነውን ካሜራ በ4,000 ዶላር ሸጠ። የዋጋው ቅናሽ ከፊሉ የፋብሪካው መጥራትና የንድፉ ወጪ ተከፍሎ ማለቅ ነው፤ ቀሪው ግን ፉጂፊልም ፉል ፍሬም ካሜራ የሌለው ኩባንያ በመሆኑ የፉል ፍሬምን ገዢ ወደዚህ ለመሳብ የወሰደው የገበያ እርምጃ ነው። በሌላው ጫፍ ፌዝ ዋን በ2016 የ100 ሚሊዮን ፒክስል፣ 53.7 በ40.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ሴንሰር የያዘውን ካሜራ ወደ 49,000 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ አቅርቧል። ሲሊከኑን በመላ ምቴ ካገኘሁት በሁለት እጥፍ እንኳ ብንገምተው ከዋጋው አንድ አሥረኛ አይሞላም። ብዙ በማይሸጥ ካሜራ ላይ የንድፍ፣ የሶፍትዌርና የአገልግሎት ወጪ በጥቂት ገዢዎች ላይ እንደሚወድቅ እረዳለሁ፤ ያም ሆኖ የዚህን ካሜራ ዋጋ በሴንሰሩ ስፋት ማስረዳት የዋህነት ይመስለኛል።

በተቃራኒው ግን ወጪውን ከንቱ የሚያደርጉትም ይሳሳታሉ። በሴንሰሩ ላይ የተጨመረ 100 ዶላር በመደብሩ መስኮት 100 ዶላር ሆኖ አይታይም፤ የካሜራው አምራች፣ አከፋፋዩና ቸርቻሪው ሁሉም ትርፋቸውን በመቶኛ ስለሚያሰሉ፣ ገዢው ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ይደርሳል። ትልቅ ሴንሰር ትልቅ መዝጊያ፣ ከመንቀጥቀጥ የሚጠብቅ ጠንካራ ሞተር፣ ከሁሉም በላይ ሰፊ ክብ ምስል የሚጥል ሌንስ ይጠይቃል። ስለዚህ ፉል ፍሬም ከኤፒኤስ-ሲ ጋር በዋጋ እኩል የሚሆንበት ቀን ይመጣል ብለው የሚጠብቁ ሰዎች የሚጠብቁት በሂሳቡ ውስጥ የሌለ ነገር ነው። ፋብሪካው ፍጹም እንከን አልባ ቢሆን እንኳ ከዋፈሩ የሚቆረጡት ሴንሰሮች 158 በ59 ናቸው፤ 2.7 ጊዜ የሆነው ልዩነት የማይወርድ ወለል ነው።

ከ2017 ወዲህ ደግሞ ወለሉ ራሱ እንደገና ከፍ ብሏል። ሶኒ በኤ9 ያስተዋወቀው ተደራራቢ የፉል ፍሬም ሴንሰር ፒክስሎቹን በአንድ ሲሊከን ላይ፣ የንባብ ዑደቱንና ማስታወሻውን ከሥሩ ባለ ሌላ ሲሊከን ላይ ያደርጋል። እንዲህ ሲሆን ንባቡ እጅግ ይፈጥናል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር በኤሌክትሮኒክ መዝጊያ ሲነሣ መዛባቱ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሁለት ዋፈር ይጠፋል፣ ሁለቱን በማጣበቅ ሥራ ላይ አዲስ የእንከን ዕድል ይጨመራል፤ በላይኛው ንብርብር ደህና የሆነ ሴንሰር ከሥሩ ባለው ጉድለት ሊጣል ይችላል። ኤ9 በ4,500 ዶላር ወጥቶ በዓመቱ ኤ7 3 በተመሳሳይ የፒክስል ቁጥር፣ ግን ባልተደራረበ ሴንሰር፣ በ2,000 ዶላር ሲሸጥ ልዩነቱ ሁሉ ከሲሊከን መጣ አልልም፤ ትንሽ አልነበረም ለማለት ግን አያስቸግረኝም። ኒኮን በ2024 በዚ6 3 የመረጠው መካከለኛ መንገድ ለዚህ ይመስክራል፦ ፈጣኑ ዑደት ከፒክስሎቹ በላይና በታች ባሉት ጠባብ ዳሮች ላይ ብቻ ተደራርቧል፤ ንባቡ ከሙሉ ተደራራቢው ቢዘገይም ከተለመደው ይፈጥናል፤ ካሜራውም በ2,500 ዶላር ወጥቷል።